ስለ ተጐዱ ሕፃናት ማስረጃ



በየመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ስለ ልጅ መደብደብ ነገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት አነጋገር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «በወንጀል ተከሶ ያልተፈረደበት ወላጅ ልጁን ሊነጠቅ አይገባም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሐኪም ከመሰከረ ለዳኛው ምን ይቀረዋል?» ይላል። ሁለቱም ለጆሮ ይጥማሉ፤ ዳሩ ግን ገና አፉን ላልፈታ ሕፃን ሁለቱም አይበቁም። ይህን ለማስረዳት እንድችል በጋዜጣዎ ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ የሚከብደው እንዲህ ነው። አንድ የአራት ወር ሕፃን ወደ ሐኪም ቤት ይመጣል፤ ክንዱን ሲነኩት ያለቅሳል። ራጅ ሲነሣ ክንዱ መሰበሩ ይታያል፤ በዚያው ላይ ቀደም ብለው ተሰብረው መጠገን የጀመሩ ሁለት የጎድን አጥንቶች ይገኛሉ። እናቲቱ «ከአልጋ ወድቆ ነው» ትላለች፤ አባት «እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ» ይላል፤ ሞግዚቷም ያየሁት የለም ትላለች። በር ተዘግቶ የሆነ ስለ ሆነ ጎረቤት አላየም፤ ሕፃኑም አይናገርም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን፤ በኦሪት ሕግ ነገር እንዲጸና ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈለግ እንደ ነበር ተምረናል፤ እዚህ ግን አንድም የለም። ንጉሥ ሰሎሞን ሁለቱን ሴቶች በሰይፍ ፈትኖ እውነተኛይቱን እናት ለየ፤ የዛሬ ዳኛ ግን ሰይፍ አምጡልኝ ቢል ራሱ በተከሰሰ ነበር።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ነገር ለማየት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።) ፈረንሳዊው የሕግ ሐኪም ታርዲዩ በ1860 ዓ.ም. በወላጆቻቸውና በአሳዳጊዎቻቸው የተደበደቡ ሕፃናትን ነገር ዘርዝሮ ቢጽፍ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በ1946 ዓ.ም. አሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ጆን ካፊ በአንጎላቸው ሽፋን ሥር ደም የፈሰሰባቸውን ስድስት ሕፃናት መርምሮ የእጅና የእግራቸው አጥንቶች በየቦታው ተሰብረው አገኘ፤ ሆኖም ወላጆቹን በግልጽ አልወቀሰም። ዓለም የነቃው በ1962 ዓ.ም. የኮሎራዶው ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ ስለ ተደበደበ ሕፃን በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከታርዲዩ እስከ ኬምፕ ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያቱ የመሣሪያ እጦት ብቻ አይመስለኝም፤ የገዛ ወላጁ ይህን ያደርጋል ብሎ ማመን ለሐኪሙም ለዳኛውም ስለሚከብድ ነው።

በሕግ በኩል ነገሩን አጥብቀው ከመረመሩት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የልጆች ሕግ በ31ኛው አንቀጹ እንደሚያዝዘው፤ ፍርድ ቤት አንድን ልጅ በአካባቢው አስተዳደር ጥበቃ ሥር ሊያደርግ የሚችለው በልጁ ላይ ከባድ ጉዳት እንደ ደረሰ ወይም ሊደርስ እንደሚችል፤ ምክንያቱም ከወላጅ የሚጠበቀውን ያህል ጥበቃ አለማግኘቱ እንደ ሆነ ሲረጋገጥ ነው። ይህ ከተረጋገጠም በኋላ ልጁን ከቤት ማውጣቱ ለልጁ የሚሻል መሆን አለመሆኑ ለብቻው ይመዘናል። እንግዲህ ይህ ችሎት የሚጠይቀው «ማን ይታሰር?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ልጅ ዛሬ ማታ የት ይደር?» ብሎ ነው።

ጥያቄው ሌላ ከሆነ የማስረጃውም ሚዛን ሌላ ሊሆን ይገባል። በወንጀል ችሎት ሰው ያለ አግባብ ነፃነቱን እንዳያጣ ጥርጣሬው ሁሉ ለተከሳሹ ይሆናል፤ ይህም የተገባ ነው። በሕፃኑ ጉዳይ ግን ጥርጣሬው ሁሉ ለወላጅ ይሁን ቢባል ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ በዚህ ችሎት የሚጠይቁት ከመሆንና ካለመሆን የትኛው ያመዝናል ብለው ነው። እነርሱም ቢሆኑ ወደዚህ የደረሱት ሳይደናቀፉ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የሎርዶች ምክር ቤት፤ ሦስት ዳኞች ለሁለት ሆነው በወሰኑት ነገር ውስጥ፤ የተባለው ድርጊት የማይመስል በሆነ መጠን ማስረጃውም መጠንከር አለበት የሚል ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ክስ ሁሉ ከባድ ማስረጃ ይሻል የሚል አስተሳሰብ በየችሎቱ ተስፋፋ። እንዲህ ሲሆን ጉዳቱ በከፋ ቁጥር ልጁን መጠበቅ እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተገለበጠ ነገር ከየት ይመጣል? በ2008 ዓ.ም. ባሮነስ ሄልና ሎርድ ሆፍማን የነበሩበት ችሎት ይህን አቃናው፤ ሚዛኑ አንድ ብቻ ነው፤ የነገሩ ክብደት ሚዛኑን አይለውጠውም ተባለ። ሎርድ ሆፍማን እንዳስረዱት በሕግ ፊት አንድ ነገር ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም፤ መካከለኛ የለውም።

ይህ አነጋገር በሁለት ወገን የተሳለ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ማስረጃው ጥቂት ካመዘነ ነገሩ እንደ ሆነ ይቆጠራል፤ ካላመዘነ ግን ጥርጣሬው ምንም ያህል ቢያስፈራ እንዳልሆነ ይቆጠራል። «ሳይሆን አይቀርም፤ ለማንኛውም ልጁን እንውሰደው» ማለት ክልክል ነው። ወሬን በማስረጃ ቦታ ማስቀመጥ ልማድ በሆነበት በእኛ ከተማ ይህ ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈልገናል እላለሁ።

ደግሞም ጉዳቱ ተረጋግጦ አድራጊው ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በ2000 ዓ.ም. ለሎርዶች ምክር ቤት የቀረበው ነገር እንዲህ ያለ ነበር፤ ሕፃኑ በወላጆቹና በቀን በምትጠብቀው ሴት መካከል የሚመላለስ ሲሆን፤ ከነዚህ ሰዎች አንዱ እንደ ጐዳው ታወቀ፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን አልታወቀም። ምክር ቤቱም የአድራጊው አለመታወቅ ብቻ ልጁን ያለ ጥበቃ አያስቀረውም ብሎ ወሰነ። በ2009 ዓ.ም. የአገሪቱ አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ፤ ዳኛው አድራጊውን መለየት ከቻለ በዚያው በሚያመዝነው ሚዛን ይለይ፤ ካልቻለ ግን ተጨንቆ በግድ የአንዱን ስም አይጥራ፤ አድራጊ ሊሆኑ በእውነት የሚችሉትን ያመልክት አለ። «ሌባውን ካላወቅህ ስርቆት የለም» እንደማይባል ሁሉ መሆኑ ነው።

አንድ ሌላም የወደድሁት ነገር አላቸው። በዚያው ሕግ በ98ኛው አንቀጽ ወላጅ «ራሴን እወነጅላለሁ» ብሎ ዝም ሊል አይፈቀድለትም፤ በምትኩ ግን በዚያ ችሎት የሰጠው ቃል፤ በሐሰት መማል ካልሆነ በቀር፤ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። እናቲቱ «ሌሊቱን ሙሉ አልቅሶ ትዕግሥቴ አልቆ ነቀነቅሁት» ብትል ይህ ቃል ሕፃኑን ለመጠበቅና እርሷንም ለመርዳት ይውላል። ይህን አውቆ እውነቱን የሚናገር ሁሉ አይገኝም፤ በሩ ግን ተከፍቶለታል።

አሁን «ሐኪም ከመሰከረ» ወደሚሉት ልመለስ። በ1999 ዓ.ም. አንዲት እንግሊዛዊት እናት ሁለት ወንዶች ሕፃናቷን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። በችሎቱ የመሰከረ አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም፤ በአንድ እንዲህ ባለ ቤት ሁለት ሕፃናት በድንገተኛ የተፈጥሮ ሞት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ነበር። ቁጥሩ የተገኘው የአንዱን ሞት ዕድል በራሱ በማባዛት ነው። የሂሳብ ትምህርቱን በደንብ የተከታተለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደሚያውቀው፤ እንዲህ ማባዛት የሚቻለው አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ሲቀር ነው፤ ወንድማማቾች ግን ደማቸውም ቤታቸውም አንድ ነው። ሳይገለጥ የቆየ የላቦራቶሪ ውጤት ከተገኘ በኋላ እናቲቱ በ2003 ዓ.ም. ተለቀቀች። በ2004 ዓ.ም. የይግባኝ ፍርድ ቤት ለቤተሰብ ጉዳይ ዳኞች ባስተላለፈው ቃል፤ የአንዳንድ ጉዳት ምክንያት ሳይታወቅ ሊቀር እንደሚችል፤ የዛሬው የሕክምና እርግጠኛነትም በሚመጣው ትውልድ ሊሻር እንደሚችል አሳሰበ።

የኖርፎኩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል። ከሦስት ልጆች የአንዱ አጥንቶች በየቦታው ተሰብረው ስለ ተገኙ ሦስቱም ከወላጆቻቸው ተወስደው በ2005 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ተሰጡ። በኋላ የተጠየቁ ሐኪሞች ስብራቱ ከቪታሚን ሲ እጦት ከሚመጣው ስከርቪ ከሚባለው በሽታ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። ወላጆቹ ጉዲፈቻው እንዲፈርስላቸው ቢጠይቁ ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ2009 ዓ.ም. ልጆቹ በአዲሱ ቤታቸው ዓመታት ስለ ቆዩ ጊዜው አልፏል አለ። ለልጆቹ ሲታሰብ ፍርዱ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ለወላጆቹ ግን ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም።

በዚያው በ2009 ዓ.ም. በለንደን አንድ የአራት ወር ሕፃን ሞተ፤ ወጣቶቹ ወላጆቹም ነቅንቀው ገድለውታል ተብለው ተከሰሱ። ሕፃኑ በሕይወት ሳለ ያልታወቀ ከባድ ሪኬትስ፤ ማለት አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ፤ እንደ ነበረበት፤ እናቲቱም ቪታሚን ዲ እንደ ጐደላት በምርመራ ተገኘ። ወላጆቹ በ2011 ዓ.ም. በወንጀሉ ነፃ ወጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ ዳኛዋ ጐድተውታል የሚለው አልተረጋገጠም ብለው ወሰኑ።

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛንም ይመለከታል። በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚናገረው፤ በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ በሽታ ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል በ210 ላይ ሪኬትስ ሲገኝ፤ ካልያዛቸው 500 መካከል የተገኘው በ20 ላይ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ሕፃኑን «ምች ይመታዋል፤ የሰው ዓይን ያየዋል» ብለን ሸፋፍነን ጓዳ እናውለዋለን። እንግዲህ ይህን ልማድ ይዘው ፀሐይ ብርቅ በሆነበት በለንደን ወይም በስቶክሆልም የሚወልዱ ወገኖቻችን ልጅ በቀላል ነገር ቢሰበር ምን ሊባል ነው? ብዙዎቹ ሕፃናቶቻችን በወገባቸውና በመቀመጫቸው ላይ ይዘውት የሚወለዱት ሰማያዊ ምልክትም በማያውቅ ዓይን የበለዘ ገላ ይመስላል። የቅንድብ ብጣት ጠባሳ ደግሞ አለ፤ ልማዱን አልደግፈውም፤ ቢሆንም ልጅን በጭካኔ ከመደብደብ ጋር አንድ አይደለም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ልጅ ሲወለድ ይህን ሰማያዊ ምልክት በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ቢያስጽፉት ብዙ ጣጣ ይቀርላቸዋል።

ታዲያ ዳኛው ምኑን ይያዝ? ሁሉን አንድ ላይ ይያዝ። መሄድ የጀመረ ልጅ ቅልጥሙና ግንባሩ ቢበልዝ የሚያስገርም አይደለም፤ ገና ያልዳኸ ሕፃን መበለዙ ግን ያጠያይቃል፤ በጆሮ፤ በአንገትና በመቀመጫ ላይ የሚታይም እንደዚሁ ነው። የፈላ ውኃ ተደፍቶበት የተቃጠለ እግር ተረጭቶና ተንጠባጥቦ ይታያል፤ በግድ የተነከረ እግር ግን ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ዙሪያውን በመስመር ተቆርጦ ይታያል። የበለዘውን ቀለም አይቶ «ይህ የሦስት ቀን ነው» የሚል ሰው ካለ አትመኑት፤ በቀለም ቀኑ በእርግጥ አይታወቅም። የሕፃን አጥንት መጠገኑ በራጅ ለመታየት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታልና፤ በመጀመሪያው ቀን ያልታየው ስብራት ከ11 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በሚነሣው በሁለተኛው ራጅ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ጋር የሚመዘነው የወላጅ ቃል ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ምን አለ? በማግሥቱስ? ወደ ሐኪም ለመምጣት ስንት ሰዓት ቆየ? ከአልጋ ወደቀ ከተባለ አልጋው ቁመቱ ስንት ነው? ሐኪሙ የሚያውቀው አጥንቱን ነው፤ አልጋውን የለካው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ዳኛው ነው።

በአገራችን ጥያቄው በአብዛኛው የሚመጣው በፍቺ ክርክር ውስጥ ተሸጉጦ ነው፤ «ልጄን የእንጀራ አባቱ እየደበደበብኝ ነው» ወይም «እናቱ በርበሬ እያጠነችው ነው» ተብሎ። ሕጉ ባዶ አይደለም። (ከዚህ ወዲህ ያለው ዘመን በእኛ አቆጣጠር ነው።) የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ስለ ልጆች ሲወስኑ የልጁን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ያዛል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 113 ስለ ልጆች አጠባበቅ ሲወሰን የተጋቢዎቹ ገቢ፤ ዕድሜ፤ ጤንነትና አኗኗር የልጆቹም ዕድሜና ጥቅም ይታይ ይላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ አሳዳጊ እንዲቀጣ፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነም የቤተ ዘመድ መብቱን እንዲያጣ ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፤ አባት መሆን ብቻውን ልጅን ለመረከብ እንደማይበቃ፤ የልጁ ጥቅም እንደሚበልጥ ወስኗል። ስለዚህ የወንጀሉ ፍርድ እስኪመጣ የቤተሰቡ ችሎት እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ የሚሉት ሰዎች የልጁን ጥቅም ከሕጉ ይልቅ ወደ ኋላ ያስቀምጡታል። ዳኛው ነፃ የተለቀቀን ሰው ወንጀለኛ አይለውም፤ ልጁ በየትኛው ቤት ይደር የሚለውን ግን በቀረበለት ማስረጃ መወሰን ይችላል።

ችግሩ ያለው ከሚቀርበው ማስረጃ ላይ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የሆነውን አውቃለሁ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇ ተቃጥሎ መጣች፤ መምህራኑ አዘኑ፤ ቅባትም ተገዛላት። ከወራት በኋላ ወላጆቿ በፍቺ ሲከራከሩ ነገሩ ተነሣና ሦስት መምህራን ለምስክርነት ተጠሩ። አንደኛው በጥቅምት ነበር አለ፤ ሁለተኛይቱ ከገና በኋላ ነው አለች፤ ሦስተኛው ግራ እጇ ነው ሲል የቀሩት ቀኝ ነው አሉ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልጻፈም እንጂ። ችሎቱም ሊይዘው የሚችል ነገር አጣ።

ይህን ጋዜጣ የምታነብቡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቀን የሌለው ማስታወሻ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የምለምነው ትልቅ ሕግ እንዲወጣ አይደለም። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አንድ የተቆለፈ መዝገብ ይኑር፤ በአንድ ገጽ ላይ የሰው አካል ፊትና ጀርባ ተሥሎበት ጉዳቱ በታየበት ቦታ ምልክት ይደረግ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፤ ልጁ የተናገረው ሳይታረም በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ያመጣው ሰው ሳይጠየቅ መጀመሪያ ያለው ይጻፍ። «ተደብድቧል» ወይም «ወድቋል» የሚል ፍርድ አይጻፍ፤ ይህ የመምህር ሥራ አይደለም።

«ይህ የሰው ገመና መግለጥ ነው፤ ጎረቤትም በቂም ያመለክታል» የሚሉ ይኖራሉ፤ የቂም ወሬን የሚያጋልጠው ግን ራሱ መዝገቡ ነው፤ በመስከረም ጤነኛ እንደ ነበረ የተጻፈለትን ልጅ በመስከረም ተሰበረ ማለት አይቻልምና። ይልቅስ እኔን የሚያሰጋኝ ድህነት እንደ ጭካኔ እንዳይቆጠር ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሰል ምድጃው፤ የፈላው ድስትና ሕፃኑ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ በሚገኙበት ቤት መቃጠል በየጊዜው ይደርሳል። እንዲህ ላለው ቤት የሚያስፈልገው ምድጃውን ከፍ የሚያደርግ መደብ ነው፤ ዳኛ አይደለም።

ስለ ቀጠሮም አንድ ቃል ልጨምር። እንግሊዞች በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሕግ እንዲህ ያለው ክርክር በ26 ሳምንት እንዲያልቅ ወስነዋል፤ ከዚያ የሚራዘመው የግድ ሲሆን ነው። እነርሱም ሁልጊዜ አይሳካላቸውም። እኛ ከሐኪሙ ብንጀምር መልካም ነው፤ በተቀጠረበት ቀን ቃሉ ሳይሰማ እየተመለሰ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሐኪም በአራተኛው ጊዜ ባይመጣ ማን ይወቅሰዋል?

ከላይ የገለጽሁትን የመዝገብ ገጽ አርአያ በእጄ አዘጋጅቼዋለሁ። የሚፈልግ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ቢኖር በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ለመላክ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ